የፊት መስታወት

ከአንዲት ቆሎ ሻጭ 3,000 ብር ተቀብዬ ደረሰኝ ጽፌላት አውቃለሁ። ከባንክ መስኮት ጀርባ አሥራ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ሰው እጁ ይህን የሚያደርገው ሳያስበው ነው። ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክ በአሃዝና በፊደል፣ «ለመኪና የፊት መስታወት ማሠሪያ» የሚለውን ምክንያት ጽፌ ፈረምሁበት። ያን ጊዜ ትክክለኛ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ትቶልናል። ቮልስ ስል አንባቢ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ እንደ ኤሊ ጎብጣ የምትሄደውን ያስብ ይሆናል። የእኛይቱም የእርሷው እኅት ናት፤ ልዩነቷ ጣሪያዋ ሸራ መሆኑ ነው። ይህችን ዓይነቷን የሠራው ኦስናብሩክ በተባለች የጀርመን ከተማ የነበረው ካርማን የተባለ ድርጅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ከ330,000 በላይ አውጥቷል። የእኛይቱ የ1966 ሥሪት ናት። አባቴ አገር ለቆ ከሚወጣ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ በ1967 ዓ.ም. ገዛት።

ከመስከረም ወዲያ ሰማዩ ሲጠራ፣ አባቴ ከፊት ያሉትን ሁለት መቆለፊያዎች ፈትቶ ሸራውን ወደ ኋላ ያጥፈውና እናቴን ከጎኑ አስቀምጦ ወደ እንጦጦ ግርጌ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር። እናቴ ነፋሱ ሻሿን እንዳይወስድባት በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የሚያውቃትን ሁሉ ሰላም ትላለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ከዓለም ሁሉ ከፍ ያልሁ ይመስለኝ ነበር። ሸራው የታጠፈ እንደ ሆነ ከነፋሱ የሚከልለን ያ የፊት መስታወት ብቻ ነው። ሸራው ሲመለስም የሚቆለፈው በዚያው መስታወት ክፈፍ ራስ ላይ ነው። ስለዚህ ለሌላው መኪና መስታወት መስኮት ቢሆን፣ ለእርሷ ግን ግማሽ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ከሚገኘው ቤታችን በር ላይ ቆማ ሳለች አንድ የሰፈር ልጅ በወንጭፍ ወፍ ሲያነጣጥር ድንጋዩ መስታወቷ ላይ አረፈ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ስወጣ ወንጭፉን እንደ ያዘ ቆሞ አገኘሁት፤ መሮጥ እንኳ አልቻለም። ድንጋዩ ያረፈበት ቦታ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ነጭ ቁስል ሆኗል። ከዚያ የተነሡ አምስት ስንጥቆች፣ አንዱ እስከ ታች ጥግ፣ አንዱ በሹፌሩ ዓይን ትክክል ተዘርግተዋል። ዓመታዊ ምርመራዋ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ በዚህ መስታወት ቦሎ እንደማላገኝ ተነገረኝ። በልጁ ላይ ጮኽሁበት። የተናገርሁትን እዚህ አልደግመውም።

እናቱ በማግስቱ መጣች። ከዋናው መንገድ ዳር ቆሎና ሱፍ የምትሸጥ ሴት ናት፤ በየማለዳው እያለፍኋት ሰላምታ እንለዋወጣለን። ገንዘቡን ከመሐረብ ፈትታ አወጣች። አብዛኛው አሥርና ሃምሳ ብር ነበር።

«ጋሼ፣ ለጊዜው ያለኝ ይህ ነው። የቀረውን በየሳምንቱ አመጣለሁ» አለችኝ።

ቆጠርሁት። ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት። ከዚያም ደረሰኙን ጻፍሁላት።

መስታወት ፍለጋ የጀመርሁት ከመርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው። የቮልስ መስታወት አላችሁ ወይ ስል «ሞልቷል» ይሉኛል፤ ጣሪያዋ ሸራ ነው ስል ፊታቸው ይለወጣል። የባለ ሸራዋ መስታወት ልኩ የተራዋን አይደለም። አንዱ ነጋዴ «ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት ይገባል» ብሎኝ ነበር፤ ብለካው አልገናኝ አለ። ከውጭ ላስመጣ ብዬ ደግሞ ሒሳቡን አሰብሁት። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን በየማለዳው ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔው ነኝ። ከመስታወቱ ዋጋ ይልቅ ማጓጓዣው በለጠ። ሐሳቡን ተውሁት።

በዚህ መካከል፣ ግጥም መጻፍ የሚወድ ሰው ልማዱ ነውና፣ በገቢ ማድረጊያ ወረቀት ጀርባ ላይ ስለ ተሰነጠቀ መስታወት ስንኝ ለመቋጠር ሞክሬ ነበር። «መስታወት» «ሕይወት» ከሚለው ጋር ቤት መታ። ይህን ያላደረገ ገጣሚ ስለሌለ ወረቀቱን ቀድጄ ጣልሁት።

በመጨረሻ የደረስሁት ከአንድ ሽማግሌ መስታወት ቆራጭ ዘንድ ነው። ቀድሞ ዶሮ ማነቂያ ይሠሩ ነበር፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃቸውን ይዘው ከአንድ ጋራዥ ጓሮ የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ ገብተዋል። መኪናዋን ሲያዩ ፈገግ አሉ።

«ጠፍጣፋ ነው፤ እግዜር ይመስገን። የዛሬዎቹ መኪኖች የጎበጠ ነው፤ ፋብሪካ ካልሆነ ማንም አይሠራውም። ይህን እቆርጥልሃለሁ።»

ከውስጥ በኩል የጎማውን ከንፈር ዙሪያውን በእንጨት እያላቀቁ፣ መስታወቱን በመዳፋቸው ወደ ውጭ ገፉት። ቢሰነጠቅም አልተበተነም፤ እንዳለ ወጣ። ሁለት ስስ መስታወት በመካከላቸው ፕላስቲክ ተለጥፎ ስለሚሠራ ቢሰበርም ስባሪው ከፕላስቲኩ አይለቅም። ለዚህ ዓይነቱ መስታወት እ.ኤ.አ. በ1909 የባለቤትነት መብት ያወጣው ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፤ በእሳት ግሎ በድንገት የቀዘቀዘ፣ እጅግ ጠንካራ፣ ነገር ግን አንዴ ከተነካ ሁለመናው ወደ ፍርፋሪ የሚለወጥ። ያኛው አይቆረጥም፤ መቍረጫው ዘልቆ ከገባ መበተኑ ነው።

ሽማግሌው መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ጥጋጥጉን በጨርቅ ወለወሉ። ከዚያም ዝም ብለው ቆዩ።

«ይህ የፋብሪካ አይደለም» አሉ። «ማኅተም የለውም። ጠርዙን እየው፤ በእጅ የተሞረደ ነው። ይህ የእኛ ሰው እጅ ነው።»

አባቴ በሕይወቱ ሳለ መስታወቷ ስለ መለወጡ አንድም ቀን አልተናገረም። ፍሬን ባስነካ ቁጥር እንኳ ለሳምንት የሚያወራ ሰው ነበር። የመጣችበት ነው ብዬ ስከራከር ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደግሞም አሮጌውን አስተኝቶ በእርሱ ልክ አይደለም የቆረጠው። ይህ የግራ ጥግ ከቀኙ ጥቂት ጠበብ ይላል። አሮጌው ሳይኖር ሲቀር ክፈፉ ላይ ካርቶን ይደረግና በካርቶኑ ልክ ይቆረጣል። ይህ የካርቶን ሥራ ነው።»

ካርቶን ሲሉ እጄን አፌ ላይ ጫንሁ። በዕቃ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከወንፊቱ ጎን፣ ጥጎቹ የተድበለበሉ አንድ ሰፊ ካርቶን ከልጅነቴ ጀምሮ ተሰቅሏል። ከጀርባው ምን እንዳለ ማንም አላየም፤ አቧራ እንደ ጠጣ የቀረ ነገር ነው። በልጅነቴ የቤት ሥራዬን አስደግፌ እጽፍበት ነበር።

ወደ ቤት ሄጄ አወረድሁት። ሳገላብጠው በእርሳስ የተጻፈ የአባቴ እጅ ጽሑፍ አገኘሁ። ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «የፊት መስታወት። አይጣል።»

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ካርቶኑን አሳየኋትና «እማዬ፣ የመኪናዋ መስታወት ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«አንተ አይደለህ እንዴ የሰበርከው?»

«እኔ?»

«አምስት ዓመትህ ነው። መካኒክ ነኝ ብለህ የቡናዬን ዘነዘና ይዘህ ወጣህ። ስትመታው እንዳለ ዝርግፍ አለ፤ እንደ ጨው። ኮፈኑ ላይ ተቀምጠህ በፍርፋሪው መካከል ስታለቅስ ነው የደረስንልህ። አባትህ ከኪስህም ከጫማህም ፍርፋሪውን ሲያራግፍ አመሸ። መስታወቱን ለማሠራት የሁለት ወር ደመወዙ ሄደ፤ እስኪሠራ ድረስ ሥራ በእግሩ ይመላለስ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እርሱ ነው እንቢ ያለው። ‹መኪናዋን ባየ ቁጥር ይሸማቀቃል፤ ማንም እንዳይነግረው› አለ። እኔም እንዳለኝ አደረግሁ። እርሱ ካረፈ በኋላ ደግሞ እኔም ረሳሁት።» ምስሯን ጥቂት ከለቀመች በኋላ፣ ዓይኗን ሳታነሣ «የዚያን ልጅ እናት ምን አልካት?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። ደረሰኝ ጻፍሁላት ብሎ ለእናት መንገር ቀላል አይደለም።

ያን ሌሊት የቆየሁት ያንኑ እያሰላሁ ነው። ከኋላ መቀመጫ ሆኜ ከዓለም ከፍ ያልሁ የመሰለኝ ዘመን ሁሉ፣ ከፊቴ የነበረው ያ መስታወት እኔ የሰበርሁት፣ አባቴ በእግሩ እየሄደ የከፈለበት ነበር። ከፍ ብዬ የታየሁት በእርሱ ዝምታ ላይ ቆሜ ነው። ነገ ተነገ ወዲያ አባት ብሆን እንዲህ ያለ ነገር መሸከም እችል ይሆን? ወይስ ሒሳቡን ጽፌ አስፈርም ነበር? ሁለተኛውን አስቀድሜ እንደ መለስሁት አውቃለሁ።

ማለዳ ወደ ሥራ ስሄድ ቆሎ ሻጯ ዘንድ ቆምሁ። 3,000 ብሩን ስሰጣት ደነገጠች።

«ጎደለ እንዴ ጋሼ?»

«አልጎደለም። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።»

ብዙ አልተናገርሁም፤ መናገርም አልሆነልኝም። እርሷ ብሩን ይዛ ጥቂት ካመነታች በኋላ ከቦርሳዋ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለውን ደረሰኝ አወጣች። አላበላሸችውም፤ በአራት አጣጥፋ እንደ መታወቂያ ይዛዋለች።

«እንግዲያው ይህን ይውሰዱልኝ» አለች። «ልጁን ግን ሥራ ያሠሩት። ዕዳ እንዲሁ ሲቀር ልጅ ያበላሻል።»

እንደዚያም ሆነ። ቅዳሜ ልጁን ይዤው ወደ ሽማግሌው ሄድን። ሽማግሌው የተሰነጠቀውን መስታወት ከነስንጥቁ በአዲሱ ላይ አስተኝተው፣ የአባቴንም ካርቶን በላዩ አድርገው አመሳከሩ። ካርቶኑ ከመስታወቱ ጋር ልክ ነበር፤ የግራ ጥጉም እንዲያው ጠበብ ያለ። ከዚያ በአልማዝ መቍረጫ ከላይም ከታችም በአንድ መሥመር ጫሩና በቀስታ ሰበሩት። በመካከል ያለውን ፕላስቲክ ለማለስለስ በመሥመሩ ላይ አልኮል አፍስሰው ክብሪት ሲለኩሱ ሰማያዊ ነበልባል ዙሪያውን ሮጠ። ልጁ «ውይ!» አለ። ከወንጭፉ ወዲህ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ማስገባቱ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጎማው በመስታወቱ ዙሪያ ይለበስና በውስጠኛው ከንፈሩ ውስጥ ዙሪያውን ገመድ ይቀበራል። አንዱ ከውጭ መስታወቱን ይገፋል፤ ሌላው ከውስጥ ተቀምጦ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። ገመዱ በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር ክፈፉን እያለፈ ወደ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌው ከውጭ ገፉ፤ እኔ ከውስጥ ሳብሁ። ልጁ የሳሙና ውኃ በጣሳ ይዞ ጎማውን እያራሰ ዙሪያዋን ይዞር ነበር። ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ሆኖ ፊቱ ከፊቴ ትክክል ሲመጣ፣ እኔም በልጅነቴ በዘነዘና እንደ ሰበርሁት ነገርሁት። አባቴ የደበቀኝን እኔ ለምን እንደ ነገርሁት አላውቅም፤ ምናልባት የእርሱ ያህል ዝም ማለት ስላልቻልሁ ይሆናል።

«ውሸት!» አለኝ፤ ጣሳውን እንደ ያዘ።

«እማዬን ጠይቃት።»

ሠራተኛው ጋሼ ሁለታችንንም «ገመዱ ላይ!» ብለው ገሠጹን።

ለሽማግሌው 9,500 ብር ከፍዬ ወጣን። ደረሰኝ አልጠየቅሁም። ሸራውን አጥፌ ልጁን ከኋላ አስቀምጬ ወደ አዲሱ ገበያ ስንመለስ፣ በስፖኪዮው ሳየው ተነሥቶ ቆሟል። ተቀመጥ ልለው አስቤ ነበር። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ቦሎውን አገኘሁ። ካርቶኑን አቧራውን አራግፌ፣ ዕቃ ቤት ከወንፊቱ ጎን፣ እዚያው ሚስማር ላይ መልሼ ሰቀልሁት። ጽሑፉ አሁን ወደ ውጭ ነው።