ጆሮዬ ሥራ ፈታ

ወዴት ሄደ ያ ድምፅ? ወዴት ሄደ የኤንትሬው፣ የዚያ የጭነት መኪና ማጓራት? ከአሰብ ተነስቶ፣ ባቲን አልፎ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ ጣርማበርን በከባድ ማርሽ ሲወጣ፣ በጉም ውስጥ ሳላየው የማውቀው፣ ወዴት ሄደ?

ናፈቀኝ። ናፍታው ናፈቀኝ፣ ጭሱ ናፈቀኝ፣ ማቃሰቱ ናፈቀኝ።

ከሱ በፊት ትሬንታ ኳትሮ ነበር፤ የፊያት ልጅ፣ እ.ኤ.አ. የ1931። ስድስት ሲሊንደር፣ 75 የፈረስ ጉልበት። ከወራሪ ጋር መጣ። ወራሪው ተባረረ፣ እሱ ቀረ። ጭነታችንን ተሸክሞ ቀረ።

ከዚያ ፊያት 682 መጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1952። ከ682 ወገን ኤንትሬ። ስድስት ሲሊንደር እሱም። ቱርቦ አልነበረውም ኤንትሬ፤ በገዛ ትንፋሹ ነበር ዳገቱን የሚወጣው።

ሲያመው ለእኔ ለመካኒኩ ይነግረኝ ነበር። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ፤ ይነግረኛል። የኖዝሎቹን ቱቦ ዳዶ በየተራ አላላለሁ፤ አንዱን ሳላላ ይንገዳገዳል፣ ሳጠብቅ ይመለሳል። ደግሞ ሌላውን። ደግሞ ሌላውን። ቢላላም ባይላላም ድምፁ የማይለወጥ አንድ አለ፤ እሱ ነው የሞተው። እሱ ነው፣ እላለሁ፣ እጄ በናፍታ እንደራሰ። እሱ ነው።

መጣ ቱርቦ፣ ፉጨቱን ይዞ። መጣ ትራከር የሚሉት መኪና፣ እ.ኤ.አ. በ2004። ስድስት ሲሊንደር እሱም፤ 380 የፈረስ ጉልበት። አምስት ትሬንታ ኳትሮ በአንድ ሆድ!

ሮጦ ይወጣዋል ጣርማበርን። አያቃስትም፣ አይለምንም። ናፍታውን ኮምፒውተር ይመጥንለታል። ከፖምፓ እስከ ኖዝል የተዘረጋ ቱቦ የለውም፤ የማላላው ዳዶ የለውም።

ሲሊንደሮቹ ስድስት ነበሩ፣ ስድስት ናቸው። አልጎደሉም። ምነው ታዲያ ጎደለኝ?

የጋራዡ ልጆች የኮምፒውተሩን ገመድ ይሰካሉ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል፣ ቁጥሩን አይተው ዕቃ ይለውጣሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ካቻቢቴው በእጄ ነው። ጆሮዬ አልደነቆረም፣ ጆሮዬ ጤነኛ ነው፣ የሚያናግረው አጣ እንጂ።

ወይ ኤንትሬ! ወይ የዳገቱ ጓደኛዬ! ባንተ ጊዜ በሽታ እንኳ ድምፅ ነበረው።

አሁንም ሞተር ይታመማል፣ አሁንም ይድናል። ድኖ ይሄዳል በፊቴ፤ ምን እንዳመመው ሳይነግረኝ።