የአምባው መንገድ ከዋዜማው ይጀምራል

በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ዘመድ ካለዎትና አንድ ቀን ለመጠየቅ ከሄዱ፣ «ተራራውን ሳይወጡማ አይመለሱም» መባልዎ አይቀርም። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ ከከተማይቱ ጀርባ የቆመው ይህ ተራራ አናቱ የተስተካከለ ሜዳ በመሆኑ የአገሩ ሰዎች «የገበታ ተራራ» ይሉታል። እኛ ብንሆን አምባ ባልነው ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የባሕሩን ዳር ይዞ እስከ ኬፕ ፖይንት የሚወርደው የተራራ ሰንሰለት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ከፍታው 1,086 ሜትር መሆኑን ሲሰሙ ግን እንዳይንቁት። እኔ ንቄው ነበር። «ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ይህ ምኑ ተራራ ነው?» አልሁና ከወንድሜ ቤተሰብ ጋር ቁርስ በልተን፣ ቡና ጠጥተን፣ ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ተነሣን። የያዝነው በነፍስ ወከፍ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ውኃ ብቻ ነው። መመለሻችንንም እ.ኤ.አ. በ1929 ሥራ በጀመረው፣ በሽቦ ገመድ ላይ በሚሄደው ኬብል ካር እናደርጋለን ብለን ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ ግን ነፋሱ በርትቶ ኬብል ካሩ ቆሟል። ጉም ሸፈነን። የወንድሜ ልጅ ገና የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ በላብ የራሰው ከናቴራ ገላው ላይ ቀዝቅዞ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሹራብ አውልቃ የሰጠችን የማናውቃት መንገደኛ ናት። ልጁን በየተራ እየደገፍን ከታች ስንደርስ ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ተራራው አልበደለንም፤ ሳንሰናዳ የሄድነው እኛው ነን።

ስለዚህ እርስዎ በመጀመሪያ ወቅቱን ይምረጡ። በዚያ አገር ዝናቡ የሚበዛው እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በጋ ቢሆንም ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ ከባሕር ያመጣው እርጥበት ያለው አየር ተራራው ሲገጥመው ሽቅብ ይወጣና ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ደመናውም በአናቱ ላይ ተነጥፎ በጫፉ ይንጠለጠላል። «የገበታ ልብስ» ይሉታል። የገበታው ልብስ ተነጥፎ ካዩ የዚያን ቀን መውጣቱ ይቅርብዎ።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። በእግር ለሚወጣ ሰው ቀጥተኛው ፕላተክሊፕ የተባለው ሸለቆ ሲሆን፣ ከመኪናው መንገድ እስከ አናቱ 700 ሜትር ያህል ሽቅብ በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ጉልበት የሚጨርሰውም ይኸው ነው። ከልጆች ጋር ለመውጫው ብቻ 3 ሰዓት ይያዙለት። በዚያ አገር የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ሸለቆውም ፊቱ ወደ ሰሜን ስለሆነ ከረፈደ ጥላ አይገኝበትም። እንግዲህ ከጧቱ 1 ሰዓት መነሣት ይገባል ማለት ነው።

ስንቁን በዋዜማው ማታ ያሰናዱ። ለአንድ አዋቂ 2 ሊትር ውኃ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሹራብና የዝናብ ልብስ፣ ባርኔጣ፣ ዳቦና ፍራፍሬ፣ የእጅ ባትሪ፣ እንዲሁም ኃይሉ የተሞላ ስልክ ያስፈልጋል። ሸክሙን ለሁሉም እንደ አቅሙ ያካፍሉ፤ በቤት ሁሉን የምትሸከም እናት በተራራም ብቻዋን እንዳትሸከም። በመንገዱ ላይ ዝርፊያ ስለሚያጋጥም ከአራት ሰው ባላነሰ ቡድን ይሂዱ። በየትኛው መንገድ እንደሚወጡና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱም ቤት ለሚቀረው ሰው ይንገሩ።

ከሁሉ በላይ ግን የመመለሻውን ሰዓት ከቤት ሳይወጡ ይወስኑ። በከተማይቱ በሲግናል ሂል ኮረብታ ላይ ከእሑድና ከበዓላት በቀር በየቀኑ ልክ በቀትር መድፍ ይተኮሳል። ቅዳሜ ከሄዱ መድፉን፣ እሑድ ከሆነ የእጅ ሰዓትዎን ዳኛ ያድርጉ፤ ቀትር ሆኖ አናቱ ላይ ካልደረሱ ይመለሱ። ኬብል ካሩን እንደ ተጨማሪ ዕድል እንጂ እንደ መመለሻ አይቁጠሩት። የጉዞው ፍጥነት የሚለካውም በጎረምሶቹ ሳይሆን በትንሹ ልጅ እርምጃ ነው።

በደኅና ከደረሱ ድካሙ ይካሳል። ሽኮኮዎች በዐለቱ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ያገኟቸዋል፤ ከቁጥቋጦዎቹም መካከል ለእኛ ተራሮች አስታ ዘመድ የሆኑ ብዙ ዓይነቶች አሉ። በባሕሩ መካከል የምትታየው ጠፍጣፋ መሬት ኔልሰን ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታት 18ቱን ያሳለፉባት የሮበን ደሴት ናት። እኒያ ሰው ከመታሰራቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ለልጆቹ ይንገሯቸው።

ከመንገድ ከተመለሱም አይቆጩ፤ ልጆቹን እንዳወጡ በደኅና ማግባትዎ ይበቃል። አምባው እንደሆነ ነገም እዚያው ነው።