ቅናሽ በሞንትሪያል

ሞንትሪያል በገባሁ በሦስተኛው ቀን ብርዱ ጆሮዬን ሲቆነጥጠኝ፣ ሴንት ካትሪን ጎዳና ላይ ካገኘሁት ሱቅ ዘው አልኩ። መስኮቱ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «ኦቤን» ተብሎ ተጽፏል።

«ቅናሽ ነው፤ ኬቤኮች እንዲህ ነው የሚሉት» አለችኝ አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ። ፓሪስ ውስጥ ግን ቃሉ ሳይታሰብ እጅ የገባ ሲሳይ ነው።

የሕግ ታሪክ ማንበብ መከራ ነው፤ እኔ የምገዛውን ሻርፕ ትቼ ሬሳ አሰብኩ። በድሮዋ ፈረንሳይ ባዕድ ሰው «ኦባን» ይባል ነበር፤ እዚያው ሲሞት ንጉሡ ንብረቱን የሚወርስበት መብት ደግሞ «ድርዋ ዶቤን»። የንጉሡ ሲሳይ ነው እንግዲህ ዞሮ ዞሮ የሱቅ መስኮት ላይ የተለጠፈው።

የሕጉ ብልጠት! ባዕዱ በቁሙ ቤት ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ለወደደው በስጦታ ይሰጣል። መናዘዝ ግን አይችልም። በሕይወቱ ጨዋ፣ በሞቱ ባሪያ ነው ይሉት ነበር። ፈረንሳይ የተወለደ ሕጋዊ ልጅ ካለው፣ ወይም ከንጉሡ የዜግነት ደብዳቤ ካወጣ ይተርፋል። ደራሲው ሎረንስ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው የጉዞ ልብ ወለድ፣ ተጓዡ ካሌ ላይ ምግቡን እየበላ «ዛሬ ሆዴን ነፍቶኝ ብሞት ሸሚዞቼና ሱሪዬ ለንጉሡ ናቸው» እያለ ይብሰለሰላል። የፈረንሳይ አብዮት ይህን መብት በ1790 ሻረው፤ የናፖሊዮን ሕግ በ1804 በጓሮ በር መለሰው፤ በ1819 ለይቶለት ቀረ።

ይህን ሳወራላት የአክስቴ ልጅ ሳቀች። «የእኛውስ አንቀጽ 390?» ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕጋችን የውጭ አገር ሰው የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዳይኖረው ይከለክል ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ በቀር። ሞትን ግን አይጠብቅም ነበር፤ በቁም ነው። የካናዳ ፓስፖርት ከያዘች በኋላ አንቀጹን ከእኔ በላይ አጥንታዋለች። «የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዴን እስካወጣ ድረስ በአባቴ ቤት ባዕድ ነበርኩ እኮ» አለችኝ፣ የሹራብ ዋጋ እያገላበጠች።

ሒሳብ ስንከፍል ሻጯ «ስጦታ ነው? ልጠቅልለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ ስጦታ ነው» አልኳት፣ ሻርፑን አንገቴ ላይ እየጠመጠምኩ።