ለመጋዙም መከታ

በአቃቂ ቃሊቲ የእንጨት ሥራ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ያዳግታል። ከሳሪስ ቁልቁል ወደ ቃሊቲ ሲወርዱ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ቱሉ ዲምቱ ድረስ፣ አልጋና ቁም ሣጥን በር ላይ የተደረደረበት ሱቅ ሁሉ ከጀርባው አንድ የቆርቆሮ ቤት አለው። ከዚያ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጮኸው ሠራተኞቹ “ሰርኩላር” የሚሉት ክብ መጋዝ ነው። ባለቤቴ መጋቢ ሆኖ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ወንድሞች ብዙ ናቸው። እሑድ በር ላይ ቆሜ ምእመናንን ስጨብጥ አንዳንዶቹን ፊታቸውን ሳላይ እጄ ያውቃቸዋል፤ ጣታቸው ጎዶሎ ነውና። እስከ ዓምና ድረስ ሦስት ነበሩ። አሁን አራት ሆነዋል።

አራተኛው የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነው፤ በመዘምራን ውስጥ ያገለግላል። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት መጋዙ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ወሰደበት። ከሆስፒታል እንደ ወጣ የቤት ለቤት ኅብረቱ አባላት ልንጠይቀው ሄድን። ጸለይን፣ ዘመርን፣ እናቱ ቡና አፈሉልን። በመካከሉ የተለመደው ንግግር ተጀመረ። አንዱ “የጠላት ውጊያ ነው” አለ። ሌላው “ጌታ ሊያስተምርህ የፈለገው ነገር ይኖራል፣ ራስህን መርምር” አለው። አንዲት እኅት ደግሞ “ለበጎ ነው” ብላ አጽናናች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ይሰማ ነበር። ሁሉም ከወጡ በኋላ እኔ ስኒዎቹን ሳነሳሳ ቀና ብሎ፣ “እትዬ፣ የማሽኑ ክዳን እኮ ከተነቀለ ሁለት ዓመቱ ነው” አለኝ።

ይህን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠላት የለም እያልኩ አይደለም፤ እግዚአብሔር በመከራ ውስጥ አያስተምርምም አልልም። ነገር ግን ጌታችን የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት አሥራ ስምንት ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ እንዳልሆነ በግልጽ አስታውቋል (ሉቃ. 13፥4-5)። የተጎዳውን ሰው ኃጢአት መፈለግ የደቀ መዛሙርት ሥራ አይደለም። ይልቁን በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ሳለን መምህራችን ረጅም ሰዓት ያቆዩን አንዲት ትንሽ ሕግ ትዝ አለችኝ፤ በዘዳግም 22፥8 ላይ የምትገኘው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዛለች። በዚያ አገር ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ሰው ይተኛበታል፣ እህል ያሰጣበታል፣ እንግዳ ይቀበልበታል። መከታ ሳይኖር ሰው ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ ይቆጠራል ይላል ሕጉ።

ልብ በሉ፤ እግዚአብሔር “መላእክቴ ይይዙታል” ብሎ ሊተወው ይችል ነበር። ሰይጣን ጌታን ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈትነው ያቀረበው እኮ ይህንኑ ሐሳብ ነው፤ ጌታም እግዚአብሔርን መፈታተን አይገባም ብሎ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። በሕጉ ውስጥ ግን ጥያቄው የሚቀርበው ለወደቀው ሰው አይደለም። “ለምን አልተጠነቀቅህም?” ከመባሉ በፊት ባለቤቱ “መከታው የታለ?” ተብሎ ይጠየቃል። የእኛ የጸሎት ፕሮግራም ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦታል ባይ ነኝ።

በሳምንቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ የእኛው ወንድም ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለልጁ ሕክምና ከኪሱ አውጥቷል። “ክዳኑ ሥራ ያዘገያል፣ መስመሩንም አያሳይም፣ ሁሉም ሰፈር ውስጥ እንዲሁ ነው የሚሠራው” አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሠራው። ከእርሱ ይልቅ ብዙ ያስተማሩኝ ግን አርባ ዓመት በአናጢነት የቆዩ አንድ አዛውንት ናቸው። አሥሩም ጣታቸው አለ። “ጋሼ፣ እንዴት ቆየልዎ?” ብላቸው ሳቁና ማሽኑን አጥፍተው፣ ሶኬቱንም ነቅለው አጠገቡ አቆሙኝ።

ዲስኩ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ይህን የሚያህል ዲስክ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጥርሱ በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። እዚሁ ከቱሉ ዲምቱ በሚነሳው የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ለመኪና የሚፈቀደው ትልቁ ፍጥነት 120 ነው። እጅን ከዚህ ጥርስ ፈጥኖ የሚመልስ ሰው አልተፈጠረም።

ሰው ሁሉ የሚፈራው እጁ ተንሸራቶ ዲስኩ ላይ እንዳያርፍ ነው። አዛውንቱ ግን ይበልጥ የሚፈሩት የእንጨቱን መራገጥ ነው። የዲስኩ የፊት ጥርስ እንጨቱን ወደ ጠረጴዛው ቁልቁል ይጫነዋል፤ የኋላው ጥርስ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ሠራተኛው ይመጣል። እንጨት በውስጡ ውጥረት አለውና ሲሰነጠቅ ስንጥቁ ሊዘጋና ዲስኩን ከኋላ ሊቆነጥጠው ይችላል። በተለይ ያልደረቀ ባህር ዛፍ በዚህ አይታመንም። ያን ጊዜ የኋላው ጥርስ ጣውላውን አንስቶ ወደ ሰውየው ሆድ ይወረውረዋል፤ ጣውላውን የያዘው እጅም አብሮ ወደ ዲስኩ ይሳባል። የእኛ ልጅ የተጎዳው እንዲሁ ነበር። “እጄን አላስገባሁም፣ ተጎተተ” ያለው እውነት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ከዲስኩ ጀርባ የምትቆም አንዲት ቀጭን ብረት ናት። ስንጥቁ እንዳይዘጋ ትይዘዋለች። ከዲስኩ ገላ ጥቂት ወፈር፣ ጥርሱ ከሚከፍተው ስንጥቅ ደግሞ ጥቂት ቀጠን ትላለች። ማሽኑ ከፋብሪካ ሲመጣ ነበረችበት፤ ከክዳኑ ጋር ተነቅላ የት እንደ ገባች የሚያውቅ አልተገኘም። ሁለተኛው ነገር ጣውላው ተደግፎት የሚሄደው የጎን ብረት ነው፤ ከዲስኩ ጋር ትክክል መሄድ አለበት። ወደ ኋላው ከጠበበ እንጨቱን ያጣብቃል። ያለ ድጋፍ፣ በእጅ ብቻ እየመሩ መሰንጠቅ ደግሞ ለእርሳቸው ዕብደት ነው። የሚቆሙትም ከዲስኩ ትይዩ ሳይሆን ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ነው፤ እንጨቱ ቢራገጥ ባዶ ቦታ እንዲያገኝ። ዲስኩን ከጣውላው በላይ ጥርሱ ብቻ እንዲታይ አድርገው ያወርዱታል። እጃቸው ወደ ዲስኩ አንድ ስንዝር ሲቀርብ በእጅ መግፋቱን ይተውና በመግፊያ እንጨት ይቀጥላሉ። ይህ መግፊያ ከቁርጥራጭ ጫፉ ተፈልጦ የሚሠራ ነው፤ ዋጋ የለውም።

ጓንትም አያደርጉም። እኔ ጓንት ይጠብቃል ብዬ አስብ ነበርና ጠየቅኋቸው። ጥርሱ የጓንቱን ጨርቅ ከያዘ እጁን ጠቅልሎ ይወስደዋል አሉኝ። የተንዘረፈፈ እጅጌም፣ የአንገት ልብስም እንዲሁ ነው። ነጠላዬን አውልቄ በር ላይ እንድሰቅል ያደረጉኝ ገና ስገባ ነበር። ለዓይን መነጽር፣ ለጆሮ መከላከያ፣ ለአፍንጫ ጭምብል ግን ያስፈልጋል። ሰጋቱራው እንዲያው አቧራ ብቻ አይደለም፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተርታ ከመደበው ቆይቷል።

በእኛ አገር ደግሞ የራሳችን የሆነ አደጋ አለ፤ መብራት። እንጨቱ በግማሽ ተሰንጥቆ ሳለ መብራት ይጠፋል። ልጆቹ ማሽኑን ሳያጠፉ ሻይ ሊጠጡ ይወጣሉ፣ ወይም ይባስ ብሎ አንዱ ዲስኩ ዙሪያ የተጠራቀመውን ቁርጥራጭ በእጁ ይጠርጋል። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። መብራት ሲመለስ በራሱ የማይነሳ፣ ሰው ዳግመኛ ካልተጫነው የማይሠራ ማብሪያ አለ። ዋጋውም ከጣት ጋር የሚነጻጸር አይደለም። እርሱ እስኪገዛ ድረስ ግን መብራት እንደ ጠፋ የመጀመሪያው ሥራ ማሽኑን ማጥፋት ነው። ከፋብሪካ መጋዘን የሚወጣው የፓሌት እንጨትም ሌላ ጣጣ አለው። ውስጡ የተቀበረ ምስማር ስላለ ሳይመረመር ወደ ዲስኩ መሄድ የለበትም። የደነዘ ዲስክም አደገኛ ነው፤ ብዙ ጉልበት ያስገፋል፣ ብዙ ጉልበት ሲገፋ ደግሞ እጅ ያመልጣል። መክብብ 10፥9-10ን ያነበበ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

በነገራችን ላይ፣ ክብ መጋዝን በአሜሪካ የፈለሰፈችው ሼከርስ የሚባለው ክርስቲያናዊ ማኅበር አባል የነበረች ታቢታ ባቢት የምትባል ሴት ናት እየተባለ ይተረካል። ሁለት ወንዶች ረጅም መጋዝ ሲስቡ አይታ፣ ግማሹ ድካም በከንቱ መቅረቱን ተመልክታ በ1813 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሠራችው ይባላል። በእንግሊዝ አገር ግን አንድ ሰው አስቀድሞ በ1777 እ.ኤ.አ. ስለ ክብ መጋዝ የባለቤትነት መብት ወስዶ ነበርና ታሪኩ ያከራክራል። በአሜሪካ በየዓመቱ ሠላሳ ሺህ ያህል ሰዎች በጠረጴዛ መጋዝ ተጎድተው ይታከማሉ። ስለዚህ ነገሩ የድህነት ብቻ አይደለም። ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ በ1999 እ.ኤ.አ. የሰው ሥጋ ሲነካው ዲስኩን ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ቀጥ የሚያደርግ መሣሪያ ፈጥሯል፤ ሲያሳየውም ጣት በመምሰል ቋሊማ ወደ ዲስኩ ይሰድ ነበር። ቋሊማው ጫር ተደርጎ ይተርፋል። ዋጋው ግን ለሰፈራችን ሥራ ቤት የማይቀመስ ነው፤ በጣም እርጥብ እንጨትም ሥጋ መስሎት ሊቆም ይችላል። ክዳኑና ከኋላ የምትቆመው ብረት ግን እዚሁ ብረት በያጅ እጅ ይሠራሉ።

አደጋው ከደረሰ ምን ይደረግ? ቁስሉ ላይ ቡና አትነስንሱ። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ እጁን ከፍ አድርጉት። የተቆረጠውን ጣት አትጣሉት፤ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ ከቋጠራችሁት በኋላ ላስቲኩን በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ አስቀምጡት፤ ጣቱ በቀጥታ በረዶ አይንካው። ከዚያ አብሮ ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በእኛ ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና እንዲያስተምር ያዝዛል። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ያሉትንም ለሕይወታቸው ወይም ለጤናቸው አደገኛ በሆነ ሥራ ላይ ማሰማራት አይቻልም። ይህ የመጨረሻው ነገር ቤቴን ነካ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጄ ክረምቱን እዚያው ሥራ ቤት ለመሥራት ጠይቆ ነበርና። አባቱ “ጌታችንም አናጢ ነበር፣ ሥራ ይልመድ” አለ። እኔም ሥራ መልመዱን ወደድኩ። እያሸ፣ ቫርኒሽ እየቀባ፣ ሰጋቱራ እየጠረገ ይልመድ፤ ማሽኑ ጋ ግን አይቆምም አልኩ። ልጄ አኮረፈኝ። አዛውንቱ አናጢ ግን “እኔ ራሴ አላስነካውም” ብለው ገላገሉኝ።

የበለጠ ያስቸገረው የወንበሩ ጉዳይ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን አርባ አግዳሚ ወንበር ልታሠራ ዋጋ ሰብስባ ነበር። ርካሽ ዋጋ ያቀረበው ያ ክዳን የሌለው ሥራ ቤት ሆነ። ሽማግሌዎቹ “የእግዚአብሔር ገንዘብ ነው፣ በቁጠባ እንያዘው” አሉ፤ ትክክል ነው። እኔም ስለ ሴቶች አገልግሎት ሪፖርት ላቀርብ ገብቼ ሳለ ፈቃድ ጠየቅሁና፣ “የምንቀመጥበት ወንበር የስንት ሰው ጣት እንዲያስከፍል ነው የምንፈቅደው?” አልኩ። ባለቤቴ ቀና ብሎ አየኝ። ማታ ቤት ውስጥ “አነጋገርሽ ከበደ” አለኝ፤ ሐሳቡን ግን አልተቃወመም። በመጨረሻ ውሉ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ ክዳኑ፣ የኋላዋ ብረትና ማብሪያው ሳይገጠሙ ቀብድ አይከፈልም የሚል። ወንድማችን ተናደደ፤ ሁለት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት ዋጋውን ጥቂት ጨምሮ ተስማማ። ጭማሪውን እኅቶች ከቡና ሽያጭ ከያዙት ገንዘብ ሸፈኑ።

አሁን ሃያ ሁለቱ ወንበሮች ደርሰዋል። ጣቶቹን ያጣው ወጣት ወደዚያው ሥራ ቤት ተመልሷል፤ እንጨት በማገጣጠም ይሠራል፤ ሰርኩላሩ አጠገብ መቆም ግን ገና አልቻለም፤ ሲነሳ ድምፁ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጉዳይ ሁለታችንም ሆነን ከእርሱ ጋር እንጸልያለን። መግፊያ እንጨቶቹን ሁሉ የሠራው እርሱ ነው። ከቁርጥራጩ ጋር እየተቀላቀሉ ምድጃ ውስጥ ስለሚገቡ ባለፈው ሳምንት ቀይ ቀለም ቀባቸው።