ሲስተም ሄዷል

ካልሲ የሚበላ አምላክ አለ። ሁለቱንም አይበላም፤ አንዷን ብቻ። ያመጣው እንግሊዛዊው ደራሲ ቴሪ ፕራቼት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው «ሆግፋዘር» በተባለው ልቦለዱ። በፕራቼት ዓለም አማልክት የሚኖሩት ሰው ስላመነባቸው ነው። አንድ ቀን ሕዝብ ሁሉ የሚያምንበት ትልቅ ፍጡር ድንገት ይጠፋና እሱ ይቀለብበት የነበረው እምነት ባለቤት አጥቶ ይቀራል። ከዚያማ ማንም የተናገረው ይፈጠራል። አንዱ ካልሲዬን የሚበላብኝ ነገር ሳይኖር አይቀርም ቢል፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ የሚያኝክ ድምፅ ይሰማል። የአንጎበር አምላክም በዚያው ሰሞን ይወለዳል። ምስኪን ነው፤ የሚጠጣው የወይን አምላክ ሆኖ ሳለ ራሱን ይዞ የሚያቃስተው እሱ ነው።

(የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ እንዲያውቁልኝ፣ የማወራው ስለ ጨዋታ አማልክት ብቻ ነው።)

ፕራቼት ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1992 በወጣው «ስሞል ጎድስ»፣ ኦም የሚባል ታላቅ አምላክ አሳይቶናል። ቤተ መቅደሱ ግዙፍ፣ ካህናቱ የትየለሌ፣ መርማሪዎቹ ጨካኞች። ከልቡ የሚያምንበት ግን አትክልት የሚኮተኩት አንድ ጀማሪ ልጅ ብቻ ቀርቷል። ስለዚህ በታላቅ ግርማ እገለጣለሁ ብሎ ሲወርድ ኤሊ ሆኖ አረፈው።

የዚህ ሁሉ አያቶች ሮማውያን ናቸው። አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በጻፈው «የእግዚአብሔር ከተማ» ሲያላግጥባቸው፣ ሰው ለቤቱ በር አንድ በረኛ ያቆማል፣ እነዚህ ግን ለአንድ በር ሦስት አማልክት አቆሙ ይላል፦ ፎርኩሉስ ለመዝጊያው፣ ካርዲያ ለማጠፊያው፣ ሊሜንቲኑስ ለደፉ። ለከተማው ፍሳሽ ደግሞ ክሎአኪና የምትባል እመቤት ነበረቻቸው። ለስንዴ ዋግ ሮቢጉስ ነበረ፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ቀን እርሻችንን ማርልን ብለው ውሻ ይሠዉለት ነበር። ለደፉ አምላክ ከአውግስጢኖስ ጋር አብሬ እስቃለሁ። ዋግ የመታውን የስንዴ ማሳ ላየ ሰው ግን የውሻው ነገር ብዙም አያስቅም። ዓመቱን ሙሉ የደከምክበት እህል በጥቂት ቀን ዝጎ ሲያድር፣ የምትከሰው ሰው ያስፈልግሃል። ጎረቤትህን እንዳትከስ እሱም ማሳው ቀልቷል።

ፕራቼት አማልክት የሚቀለቡት በእምነት ነው ይላል። እኔ ግን የሚቀለቡት ባለቤት በታጣለት ጥፋት ይመስለኛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አብራሪዎች፣ ያለ ምክንያት የሚበላሽ ነገር ሁሉ የግሬምሊን ሥራ ነው ይሉ ነበር። ሽቦ የሚበጥስ፣ መሣሪያ የሚያዛባ፣ አጉል ተጫዋች ፍጡር ነው። ራሱ አብራሪ የነበረው ሮአልድ ዳል በ1943 የመጀመሪያውን የልጆች መጽሐፉን የጻፈው ስለ እነሱ ነው። አብራሪዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ነገ ጠዋት ነፍሱን ለመካኒኩ አደራ ሰጥቶ የሚነሳ ሰው፣ ዛሬ ማታ «አንተ ነህ ያላጠበቅከው» እያለ ከሱ ጋር ሲጨቃጨቅ ማምሸት አይመቸውም። ግሬምሊን በመሃል ገብቶ ጥፋቱን ይሸከማል፤ ሁለቱ አብረው ሻይ ይጠጣሉ።

የእኛ ትልቁ አምላክ ሲስተም ነው። መልኩን ያየ የለም። ጠባዩን ግን በየመስኮቱ እናውቀዋለን፦ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይጨናነቃል፣ እምቢ ይላል። ፋይልዎ ጠፍቷል ቢሉን እንጮሃለን፤ ሲስተም ሄዷል ሲሉን ወንበር እንፈልጋለን። በቀደም አንድ ባንክ ተራ ስጠብቅ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ከፊቴ መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሱን፤ ሲስተም የለም።»

«የት ሄዶ ነው?»

«እንዲሁ... ሄዷል።»

«ምሳ ነው?»

«ምሳ አይደለም እማማ፣ ሲስተም እኮ ነው።»

«እሱንማ ሰማሁ ልጄ። ሰው ሳይተካ ነው ወይ የሄደው ነው የምልህ።»

ከኋላ የነበርነው ሳቅን። ከዚያ ሁሉ ሰልፈኛ ያላመኑት ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው የፈለጉት የሚጠየቅ ሰው ነው። በልጁም አልፈርድም። የተበጠሰው ገመድ የት እንዳለ አያውቅ፣ የሚቀጥለው ሰው ማን እንደሆነ አልተነገረው፣ ከመስታወቱ ወዲህ ያለው ሕዝብ ቁጣ ግን የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ሲስተም ባይኖርለት ኖሮ በሳምንቱ ሥራውን ይለቅ ነበር።

ይህ ካለማወቅ የሚመጣ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ታይዋን እንሂድ። እዚያ ኮምፒውተር ክፍል ብትገቡ ሰርቨሩ አናት ላይ ኩዋይ ኩዋይ የሚባል የታሸገ የበቆሎ መክሰስ ታገኙ ይሆናል፤ ማሽኑ ጨዋ እንዲሆን የተቀመጠ ነው። ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ማሸጊያው አረንጓዴ መሆን አለበት፤ የማሽን አረንጓዴ መብራት ደህና ነኝ ማለት ነዋ! ቢጫና ቀይ ክልክል ነው። የመጠቀሚያ ጊዜው ካለፈ በአዲስ ይተካል። ቢራብም የሚከፍተው የለም። ይህን የሚያደርጉት ማሽኑን ፈትተው መግጠም የሚችሉ መሐንዲሶች ናቸው። ሰፈራችን ያለችው የፎቶ ኮፒ ልጅም ከነሱ አትለይም። ወረቀቱ ሲያዝባት ማሽኑን ጎኑን በመዳፏ ሁለቴ መታ ታደርገዋለች። ለምን ሁለቴ ብላት፣ «አንዴ ብቻ ከመቱት ይናደዳል» አለችኝ። ከሷ በፊት የነበረው ልጅ ነው ያስተማራት፤ እሱን ማን እንዳስተማረው እግዜር ይወቅ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቅዳሴው በጥሪና በመልስ ነው። አንዱ በረንዳ ላይ ወጥቶ «የኛ ብቻ ነው?» ይላል። ከማዶ «የሁሉም ነው!» ይመለስለታል። እፎይ ብሎ ይገባል። ጨለማው ያው ጨለማ ነው፤ ቢያንስ ግን ቆጣሪው እንዳልተቃጠለ ተረጋግጧል፣ ጥፋቱም ከቤቱ ወጥቷል። የዲቪ አምላክም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተርን ለምን እኔን ዘለልከኝ ብሎ የሚሟገት የለም። ውጤቱ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በግንቦት ልደታ ሰሞን መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ንፍሮው እንደሆነ ተቀቅሏል።

የሚያሳዝነኝ የዝርዝር አምላክ ነው። ይህ የታክሲ ውስጥ አምላክ ነበር፣ ከረዳቱ ኪስ አጠገብ የሚኖር። ረዳቱ መልሴን በላ ከማለት ዝርዝር ጠፋ ማለት ስለሚቀል፣ ለዘመናት በሰላም አኑሮናል። በክፉ ቀን የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን አንድ ላይ ያወርዳል፤ «ሁለታችሁ ተካፈሉ» ይልና ረዳቱ አንድ ድፍን ብር ለአንዱ አስይዞ ይሄዳል። በስልክ መክፈል ከመጣ ወዲህ ከስቷል፣ ኤሊ ሊሆን ምንም አልቀረው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ግን ያገግማል። ያን ቀን ከፌርማታው አጠገብ፣ አንዱ የመቶ ብር ኖት ይዞ፣ ሌላው ብሩን ከያዘው ሰው ዓይኑን ሳይነቅል፣ ከሱቅ ሱቅ ማስቲካ እንግዛ እያሉ የሚዞሩ ሁለት ሰዎች ታያላችሁ።