የቤተ ልሔሙና የማድ ቤቱ ሊጥ

ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ባለቤቴ ታማ ብዙ ቀን ከአልጋ ዋለች። የቤቱም ሥራ ሁሉ፥ ማንም ሳያዝ፥ በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጃችን ላይ ወደቀ። ታላቅ ወንድሟ ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን አኑሮ ወደ ኳስ ሜዳ ይሮጥ ነበር። የሰው ልጆች ሳስተምር የምውለው እኔም ነገሩ የተፈጥሮ ሕግ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ማታ ልጁ እኅቱን በደብተሯ ላይ እንቅልፍ ጥሏት ቢያገኛት አዘነላትና ማድ ቤት ገብቶ ሊጥ ያቦካ ጀመር። እኔም ባየሁት ጊዜ «ምነው ልጄ፥ ሴታ ሴት ሆንህን?» ብዬ ሣቅሁ። እርሱም አንድ ቃል ሳይመልስ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ማድ ቤት አልገባም። በወሩ መጨረሻ የልጅቷን የሒሳብ ፈተና ባየሁት ጊዜ ከ100 ያገኘችው 38 ነበር፤ ቀድሞ ከ80 አታንስም ነበር።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የዲቁናዬም ዘመን ትዝ አለኝ። በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ በቤተ ልሔም የስንዴውን ዱቄት አቡክቼ ለመሥዋዕት የሚሆነውን ኅብስት እጋግር ነበር። ያን ጊዜ ሴታ ሴት ያለኝ ማንም አልነበረም፤ እኔም ታላቅ ክብር አድርጌ እቈጥረው ነበር። ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደቀ መዛሙርቱ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ እንደ ጠበቃቸው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ተጽፏል። እንግዲህ ወንድን የሚያዋርደው ሊጡ አይደለም፤ እኛ ለሥራው ያወጣንለት ስም ነው።

የሥነ ልቡናው ሊቅ አልበርት ባንዱራ ከባልደረቦቹ ጋር በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ ሕፃናት ታላላቆች ሲያደርጉ ያዩትን ቀድተው እንደሚያደርጉ አሳይቷል። የእኔም ልጅ ከምክሬ ይልቅ ከሣቄ ተማረ፤ እኅትን መርዳት ነውር መሰለው። እኅቱም የወንድሟ ጊዜ ከእርሷ ጊዜ የከበረ መሆኑን ተማረች።

በማግስቱ ልጄን ጠርቼ «ይቅር በለኝ» አልሁት፤ ይህ ቃል ለአባት ቀላል አይደለም። ከዚያም እጅጌዬን ሰብስቤ ሊጡን አቦካሁ። ልጁም በደጃፉ ቆሞ ጥቂት ካየኝ በኋላ ገብቶ ውሃ ጨመረልኝ። እኅቱ ያን ማታ በመብራት አጠገብ ስታጠና አመሸች።

የተወደዳችሁ አባቶች ሆይ፥ ሴት ልጃችሁ መቼ እንደምታጠና ጠይቁ፤ ሣቃችሁንም ጠብቁ። እግዚአብሔር ለልጆቻችን መልካም አብነት እንድንሆን ይርዳን።