ለኮርኒሴ የሚጨነቀው ሰው

ስልኩ የሚጮኸው ሁልጊዜ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሳነሳው መጀመሪያ ትንሽ ዝምታ አለ፤ ከዚያ ብዙ ሰው የሚንጫጫበት ክፍል ድምፅ ይሰማል፤ ቀጥሎ አንድ ለስላሳ የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ «እንዴት ዋሉ?» ይለኛል። እንዴት እንደዋልኩ እነግረዋለሁ። እሱም እንዴት እንደዋለ እጠይቀዋለሁ። ነገሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ «የቤትዎ ኢንሱሌሽን ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፤ መዝገባችን ላይ አይተነዋል።»

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ ላስረዳ። እንግሊዝ አገር ብርዱ የዋዛ ስላልሆነ፣ ማሞቂያው የለቀቀው ሙቀት በጣሪያ በኩል እንዳያመልጥ ከኮርኒሱ በላይ እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ያለ ነገር ይነጠፋል። ኢንሱሌሽን የሚሉት ይህንን ነው። አዲስ ለሚነጠፍ የሚመከረው ውፍረት 270 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከአንድ ስንዝር በላይ ማለት ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት ኮርኒስ አቡጀዲ ነበር፤ ከበላዩ የነበረው ነገር ቢኖር ሌሊት የሚሯሯጥ አይጥ ነው። ስለዚህ አንድ የማላውቀው ሰው ለኮርኒሴ ሲጨነቅልኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት አላውቅም ነበር።

ስልክ መዝጋትም አልችልም። ባለቤቴ «ዝም ብለሽ ዝጊው!» ይለኛል። ሰው እያናገረኝ? እንዴት ዋልሽ ያለኝን ሰው? እናንተስ ትችላላችሁ? የምትችሉ ካላችሁ እንዴት እንደተማራችሁት ብታስተምሩኝ ደስ ይለኛል። እነዚህ ደዋዮች የሚተዳደሩት በእኔ ዓይነቱ ይሉኝታ ይመስለኛል።

በአውሮፓውያኑ 2022 ኅዳር ወር ነው። ሁለተኛዋን ልጄን ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታለች። የዚያን ዓመት የጋዝና የመብራት ዋጋ ሰማይ ነክቶ ነበር። መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ዋጋውን ከገደበም በኋላ እንኳ መካከለኛ ፍጆታ ያለው ቤት በዓመት ወደ 2,500 ፓውንድ እንደሚከፍል ይነገር ነበር። አራስ ቤት ቀዝቃዛ አይሆንም፤ ማሞቂያውን ስንከፍት ደግሞ ባለቤቴ ቆጣሪውን እያየ ይተክዛል። ትልቁ ልጄ አስም አለበት። በዚህ ላይ መኝታ ቤታችን ውስጥ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጥቁር ሻጋታ ወጥቶ ነበር። እንግዲህ ውሸቱ የሚያርፍበት ምቹ ቦታ አግኝቷል ማለት ነው።

አንድ ቀን ሕፃኗን እያጠብኩ ስልኩ ጮኸና እናቴ አነሳችው። እናቴ የምታውቀው እንግሊዝኛ «የስ» እና «ታንኪዩ» ነው። ሁለቱንም ደጋግማ ስትል ከመታጠቢያ ቤት ሆኜ ሰማኋት። «ማነው?» ብላት «እኔ እንጃ፣ ጨዋ ልጅ ነው» አለችኝ። ማክሰኞ ጠዋት ጨዋው ልጅ መሰላል ይዞ በራችን ላይ ቆመ።

እናቴ ቡና አፍልታ ነበር። ሰውዬው ጫማውን አውልቆ ገባ፤ ይህ ብቻውን ግማሽ ልቤን ወሰደው። ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየና ወርዶ ስልኩ ላይ ያነሳውን ፎቶ አሳየኝ፦ የጠቆረ እንጨት፣ ነጭ ሻጋታ፣ እርጥብ የሆነ ቢጫ ነገር። ልክ በዚያ ሰዓት ልጄ ከሳሎን ሳለ። ሰውዬው ወደ ሳሎኑ ዞር አለ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሕፃንም አለችዎት አይደል?» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ሌላ ማለትም አላስፈለገውም።

መፍትሔው ከጣሪያው ሥር የሚረጭ ፎም ነው፤ ዋጋው 3,900 ፓውንድ፤ ዛሬ ለሚፈርም ቅናሽ አለ፤ ቀብዱ 400 ፓውንድ። የባንክ ካርዴን ከቦርሳዬ ያወጣሁት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። እናቴ እንዲያውም ሁለተኛ ስኒ ቀድታለት ነበር።

ማታ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ነገርኩት። ምንም ሳይል ባትሪ ይዞ ወጣ። ሲመለስ አቧራ በአቧራ ሆኗል። «እንጨቱ ደረቅ ነው» አለኝ። ከዚያ «ፎቶው ላይ ያለው ምን ዓይነት ቀለም ነው አልሽኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ቢጫ። የእኛ ቤት ኢንሱሌሽን ግራጫ ነው፤ ያረጀ፣ ከአንድ ጋት ያልበለጠ፣ ግን ደረቅ። ሰውዬው ያሳየኝ የሌላ ሰው ጣሪያ ነበር።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ የልጄን ሳል እንደ ዕቃ አንስቶ መጠቀሙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ እንግሊዝ ያለ ዘመድ ካላችሁም ንገሩልኝ። እዚህ አገር ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁን እንዲህ ያለ ውል፣ በአብዛኛው በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ ማፍረስ ትችላላችሁ። ሻጩ ይህን መብት ሊነግራችሁ ግዴታው ነው፤ ካልነገራችሁ ጊዜው እስከ 12 ወር ሊራዘም ይችላል። ነገር ግን በእነዚያ ቀናት ውስጥ ሥራው እንዲጀመር ፈቅዳችሁ ከፈረማችሁ፣ ለተሠራው ያህል ልትከፍሉ ትችላላችሁ። «ነገ ጠዋት እንጀምራለን» የሚሉት ችኮላ ለዚህም ይመስለኛል። እኔ በማግስቱ በኢሜይልም በፖስታም ውሉን ማፍረሴን ጻፍኩ፤ ለባንኬም ደወልኩ። «ዕቃው ታዝዟል»፣ «አለቃዬ የለም» እያሉ ካመላለሱኝ በኋላ ገንዘቤ ተመለሰ። ፎሙ ተረጭቶ ቢሆን ኖሮ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። ፎሙ የጣሪያውን እንጨት ስለሚሸፍን መርማሪ ሊያየው አይችልም፤ በደንብ ካልተሠራ እርጥበት አፍኖ እንጨቱን ሊያበሰብስ ይችላል። ብዙ ባንኮችም እንዲህ ባለ ቤት ላይ ብድር ለመስጠት ያቅማማሉ። ማስነሻውም በሺዎች ፓውንድ ነው። አሁን ደግሞ «ፎም አስረጭተው ከሆነ እናንሳልዎ» የሚሉ ደዋዮች መጥተዋል። ምናልባት ያው ክፍል ውስጥ ያሉት ይሆናሉ፣ ወንበር ተቀያይረው።

ነገሩን የሚያከብደው ችግሩ ሁሉ ውሸት አለመሆኑ ነው። በ2025 ጥቅምት የአገሪቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ሪፖርት፣ በመንግሥት መርሐ ግብሮች በኩል የውጭ ግድግዳ ኢንሱሌሽን ከተሠራላቸው ቤቶች ከመቶ 98 የሚሆኑት መስተካከል ያለበት ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው ገልጿል። ስለዚህ አንድ ሰው ደውሎ «የቤትዎ ኢንሱሌሽን ችግር አለበት» ሲል እውነትም ሊሆን ይችላል። እሱ ግን አያውቀውም። የሚያውቀው ስልክ ቁጥራችሁን ነው። ቤታችሁ በመንግሥት መርሐ ግብር የተሠራ ከሆነና ከጠረጠራችሁ፣ እናንተው ራሳችሁ ትክክለኛውን መሥሪያ ቤት ፈልጋችሁ ደውሉ እንጂ የደወለላችሁን አትመኑ።

የእኛ ቤት ሻጋታም እውነት ነበር፤ መነሻው ግን ከጣሪያው ይልቅ እኛው ነን። የሁለት ልጆች ልብስ ማሞቂያ ላይ እናደርቃለን፤ ወጥ ቀኑን ሙሉ ይንተከተካል፤ አራስ አለ ተብሎ መስኮት አይከፈትም። እንፋሎቱ ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ነው። ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አራቅነው፤ የወጥ ቤቱን አየር ማስወጫ አስጠገንን፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ ሕፃኗን ይዛ ሌላ ክፍል ስትገባ መስኮት መክፈት ጀመርን (ይህን ለማሳመን አንድ ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ «ብርድ ልታስመቺ ነው» ብላ ተቆጥታኝ ነበር)። ኮርኒሱ ላይ ደግሞ ከአገር ቤት የመጣንባቸው ሻንጣዎች አየር የሚገባበትን የጣሪያ ጠርዝ ዘግተውት ተገኙ። ባለቤቴ ከጓደኛው ጋር አንድ ቅዳሜ ሻንጣዎቹን አውርዶ አዲስ ኢንሱሌሽን አነጠፈ። ወጪው ሰውዬው ከጠየቀን አንድ አሥረኛ አልሞላም።

ስልኩስ? ለሻጭ አትደውሉብኝ የሚባልበት ነፃ መዝገብ አለ፤ ተመዘገብን። ሥራ ላይ ለመዋል እስከ 28 ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በእርግጥ ቀንሷል። ሕግ የማያከብር ደዋይ ግን መዝገብም አያከብርም። እኔ አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ቁጥሬን ከየት አገኙት?» ብዙዎቹ ራሳቸው ይዘጉታል፤ እኔም ከይሉኝታዬ እገላገላለሁ።

እናቴ ግን የራሷን መንገድ አገኘች። አገሯ ልትመለስ አንድ ሳምንት ሲቀራት ስልኩ ጮኸ፤ እኔ ከማንሳቴ በፊት ቀደመችኝ። «የስ» አላለችም። በአማርኛ «ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» አለች። ሰውዬው ስለ ኮርኒስ ማውራት ጀመረ። እሷም ስለ ቤተሰቡ ጠየቀችው፤ እናቱ አሉ ወይ፣ ልጅ ወልዷል ወይ፣ ብርዱን እንዴት ይዞታል፣ ይህ ሥራ ደሞዙ ያኖራል ወይ። ለእያንዳንዱ መልሱን ትንሽ ጠብቃ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። አምስት ደቂቃ ያህል እንዲህ ተነጋገሩ። ከዚያ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ዓይኗን አፍጥጣ አየችው።

«ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው!» አለችኝ። «ደህና ዋሉ እንኳን ሳይል ዘጋብኝ።»